ይስማው ለጭራቋ ያወጣላት ስም

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት ሁሉ እንደ ይስማው ዝምተኛ የለም። ሂሳብ ከመቀበልና «የት ልውሰድዎት?» ከማለት በቀር ከአፉ ቃል አይወጣም። አዲስ ሰው ሲያየው ኩሩ ይመስለዋል። እኛ የድሮዎቹ ግን ያ አፍ ስንት ሰው ያስቅ እንደነበር፣ ለምን እንደተዘጋም እናውቃለን።

ይስማው ቪዲዮ ቤት ነበረው። የሚያሳየው ካርቱን ጃፓንኛ ያወራል፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ አማርኛ ይፈልጋል። የይስማው እንግሊዝኛ ከአሥረኛ ክፍል አያልፍም። እና ማይክራፎኑን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና የደረሰበትን ያነባል፣ ያልደረሰበትን ይፈጥራል። ማንም ቅር አይለውም ነበር። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ አፍ ነው።

አፉ የተፈታው በቤተ ክህነት ነው። በልጅነቱ ደምበጫ አጠገብ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ዲቁናም ተቀብሏል። ቅኔው አልሰመረለትም፤ ድምፁ ግን አብሮት ቀረ። ጀግናው ሰይፉን ሲመዝ እንደ ቅዳሴ ከፍ ያደርገዋል፤ ጭራቅ ሲሞት ሙሾ ያወርድለታል። የነፍስ አባቱ ቄስ ገብረ ኪዳን ይህን ሲሰሙ «ያን የመሰለ ድምፅ ለዚህ?» ብለው አዘኑ። እሱ ግን አልሰማቸውም።

ጭራቅ የሚገደልበት ያ ተከታታይ ካርቱን የመጣው በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። አንድ ወላጅ አልባ ወጣት ሰይፉን ይዞ በየመንደሩ እየዞረ ሰው የሚበሉ ጭራቆችን ይገድላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የጭራቆቹ ስም ለአንደበት ስለማይመች ይስማው የራሱን ያወጣላቸዋል። ሁሉን የሚውጠውን «ሆዳሙ»፣ ብዙ እጅ ያለውን «ደላላው»፣ ሲያወራ የማያባራውን «ስብሰባ» አላቸው። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሲዝን ሁለት ሲመጣ ቤቱ እስከ ውጭ ድረስ ሞላ። የዚህኛው ዋና ጭራቅ ሴት ናት። ቀን ቀን እንስራ አዝላ ውኃ የምትቀዳ ደግ ጎረቤት ትመስላለች፤ በኋላ ግን የሰውን ነፍስ እንስራዋ ውስጥ አስገብታ ትከድነዋለች። ገና ብቅ እንዳለች ይስማው በማይክራፎኑ «ጉድ ፈላ፣ ጥላነሽ መጣች!» አለ።

ጥላነሽ ገበያ ላይ ሸክላ የምትሸጥ፣ በጉልምስና ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ይስማው ክፉ አላሰበም። እንስራ አየ፤ እንስራ የምትሠራው ሴት ትዝ አለችው፤ ስሟ ከአፉ አመለጠ።

ነገር ግን የአገሩን ነገር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እኛ ዘንድ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው እጁ ይፈለጋል፣ ዓይኑ ይፈራል። በሠራችው ድስት ወጣችንን እየሠራን ሠሪዋን ቡዳ ናት እንላለን። ይህን ነገር መጀመሪያ ያወራው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ መቃብሩ ድረስ ሄጄ እሰድበው ነበር። ጥላነሽ ይህን ስም ከላይዋ ለማራገፍ ዕድሜዋን ፈጅታለች። ከቤተ ክርስቲያን አልቀረችም፣ የጽዋ ማኅበር ገባች፣ ልጇን አስተማረች። ጎረቤት ቤቷ ገብቶ መብላትና መጠጣት የጀመረው ከስንት ዘመን በኋላ ነው።

ይስማው የሕዝቡን ሳቅ ሲሰማ ጨመረበት። አነጋገሯን ቀዳ። ጭራቋ ነፍስ በያዘች ቁጥር «ግዙኝ ልጆቼ፣ የማይሰበር ነው!» ያሰኛታል፤ ይህ ጥላነሽ ገበያ ላይ የምትለው ቃል ነው። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ጀግናውን ረስቶ እሷን መጠበቅ ጀመረ።

አንድ ቅዳሜ ሚስቱ አይናዲስ ከገበያ ገባችና ዘንቢሏን ሳታወርድ ተናገረችው።

«ጥላነሽን አየኋት።»

«እና?»

«ገበያተኛው ሁሉ ዞሯት ያልፋል። አንዲቱ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ሮጠች። ልጆቹ ‹ጭራቋ፣ እንስራሽን ክፈች!› እያሉ ይከተሏታል። ድስቷንም ገንቦዋንም እንዳለ ይዛው ተመለሰች።»

«ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል።»

«ማኅበርተኞቿስ ልጆች ናቸው? የዚህ ወር ተራ የእሷ ነበር። ደግሳ ጠበቀች፤ አንድ ሰው አልመጣላትም። አንተ ነህ ያደረግኸው፣ ይስማው።»

ይስማው ፊቱ ጋለ። የቀረበለትን ምግብ ሳይነካ ተነሥቶ ጓሮ ወጣ፤ አይናዲስም አልተከተለችውም።

በማግሥቱ ሊያርመው ሞከረ። ጭራቋ ብቅ ስትል «ያቺ ሴት መጣች» አለ። ቤቱ ባንድ ድምፅ «ጥላነሽ!» ብሎ ጮኸ። «አይደለችም፣ ስሟን ቀይሬዋለሁ» ቢል ሳቁበት። ፊልሙን አቁሞ ተነሣና «ስሙኝ፤ ጥላነሽ የተከበረች ክርስቲያን ናት። ስሟን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። ይባስ ብለው ተንከባለሉ። አንዱማ «ምነው፣ ነፍስህን ከደነችብህ እንዴ?» አለው። ሁልጊዜ ሲያስቃቸው ስለኖረ ከልቡ ሲናገር የሚለዩበት ምንም አልነበራቸውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ያኔ ፊልሙ ያለበትን ፍላሽ ነቅሎ ቤቱን ዘጋና ቄስ ገብረ ኪዳን ዘንድ ሄደ። ቄሱ የጥላነሽም የነፍስ አባት ናቸው።

«አባ፣ ያስታርቁኝ።»

«ከልብህ ነው ወይስ የሰው ወሬ ከብዶህ?»

«ከልቤ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው እንደ ወጉ ድንጋይህን ተሸከም።»

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ዓርብ ከሰዓት አብረው ወጡ። የጥላነሽ ቤት ከከተማው ዳር ነው። ግቢዋ ውስጥ ያልተሸጠ ሸክላ ተደርድሯል። እሷ ጭቃ እያቦካች ነበር። ይስማው ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ በሩ ላይ አጎነበሰ።

«ምንድን ነው ይኼ፣ አባ?» አለች ደንግጣ።

«ልጅሽ በድሎሽ መጥቷል።»

«እትዬ ጥላነሽ፣ ስለ እመቤታችን ብለው ይማሩኝ» አለ ይስማው ቀና ሳይል። «አፌ ነው የጎዳዎት።»

ጥላነሽ እጇን ሳትታጠብ ቆማ አየችው።

«ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም። እንስራውን አይቼ ነው ስምዎ የመጣልኝ።»

«ልጄን በመንገድ ምን እንደሚሏት ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ» አለች፤ ድምጿ ተሰበረ። ድንጋዩ ይስማውን አላበው፤ ላውርድ ግን አላለም። በመጨረሻ ጥላነሽ እንባዋን በክንዷ ጠረገችና «አውርደው። እኔ ይቅር ብያለሁ፤ እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ» አለችው።

ይስማው እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። ቄሱ «እርቅ ያለ መጠጥ አይጸናም፤ ካለሽ አቅምሺን» አሏት። ያኔ ፊቷ በራ። ቤቷ እንግዳ ከገባ ሰንብቶ ነበርና ተቻኩላ አስገባቻቸው፤ በገዛ እጇ በሠራችው የሸክላ ዋንጫ ጠላ ቀድታ አቀረበች። ቄሱ ባርከው ጠጡ። ሌላ ዋንጫ ሞልታ በሁለት እጇ ለይስማው ዘረጋችለት።

ይስማው እጁን ዘረጋ። ዓይኑ ግን ከበስተጀርባዋ ጥግ ላይ አፉ ተከድኖ የቆመውን እንስራ አየ፤ እጁም መንገድ ላይ ቀረ። ሊጠጣ ፈልጓል፤ የመጣውም ለዚሁ ነው። ዋንጫውን ግን አልተቀበላትም።

«እኔ እንኳ…» አለ፤ «ጾመኛ ነኝ።»

ዕለቱ ዓርብ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕም ሆነ ዓርብ እንደማይጾም ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ እንኳን ዲቁና የተቀበለ ሰው። ቄሱ የጨረሱት ዋንጫ ገና እጃቸው ላይ ነበር። አቀርቅረው መሬት መሬት አዩ።

ይስማው ያለውን የሰማው ካለው በኋላ ነው። ባለ ዲቁናው፣ ባለ ማይክራፎኑ ሰውዬ መግቢያ አጣ፤ ከተሸከመው ድንጋይ ይልቅ ይህ ከበደው።

«ይስጡኝ» አለ ተነሥቶ፤ «እጠጣዋለሁ፣ ይስጡኝ እትዬ።»

ጥላነሽ ግን ዋንጫውን ወደ ደረቷ መልሳዋለች። አልተቆጣችም።

«ተወው ልጄ» አለችው። «ከተማው በሙሉ ቢሸሸኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ወሬው ውሸት መሆኑን ያውቃል፣ እሱም አንተ ነህ ብዬ ነበር የተጽናናሁት።»