የበዛብህ የሦስት ዓመት ዝምታ

በዛብህ በ1953 ዓ.ም. ጌታን አገኘሁ ባለ ማግስት፣ በሚሠራበት የአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ይሰብክ ጀመር። የሽመና መኪናዎቹ ስለሚጮኹ እሱም ይጮኻል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሽመና ክፍሉ ሠራተኛ ከሩቅ ሲያየው ወደ ሽንት ቤት የሚያመራ ሆነ።

ይህን የሰሙት የጸሎት ቤቱ አስተማሪ አቶ ቀናው አስጠርተው መከሩት። «ልጄ፣ አፍህን ሰብስብና ኑሮህ ይስበክ። መልካም ሥራህን ያየ ራሱ መጥቶ ይጠይቅሃል» አሉት። በዛብህ የተባለውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነው። አፉን ሰበሰበ። ሦስት ዓመት ጠበቀ፤ የመጣ ጠያቂ ግን አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ይጠብቅ የነበረው ደበላን ነው። ደበላ የጠዋት ፈረቃ፣ በዛብህ የከሰዓት፤ ሁለቱ በአንድ መኪና ላይ ይፈራረቃሉ። ደበላ ተጫዋች፣ ጠጪ፣ ለወዳጁ ነፍሱን የማይሰስት ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ለቀብር ብቻ ነው፤ ያውም ከአጥር ውጭ ቆሞ ሲጋራውን እያጨሰ። በዛብህ ይወደዋል። «ይህ ሰው ሳይድን ቢሞትስ?» የሚለው ሐሳብ እህል አላስበላ ይለዋል። ቢሆንም ምክር ምክር ነውና አንድ ቃል አልተነፈሰለትም።

ይልቅ ኑሮው እንዲሰብክ ለፋ። በፋብሪካው ልማድ ፈረቃውን የሚጨርስ ሰው የተበጠሰውን ፈትል ለተረኛው ትቶ ይሄዳል፤ ፈትሉን ቀጥሎ መውጣት እንደ ቂልነት ይቆጠራል። በዛብህ ግን እያንዳንዷን ክር ቀጥሎ፣ መኪናውን ጠርጎ፣ ዘይት ቀብቶ ነው የሚወጣው። ሠራተኛው ይህን አየና ካቦነት ፈልጎ ነው አለ፤ ካቦውም ሰምቶ ሰላምታ ነሳው። ጠላ አለመቅመሱን አየና ጨጓራ አለበት አለ። ከሥራ በቀጥታ ቤቱ መግባቱን አየና ሚስቱ አቻምየለሽ ትመታዋለች አለ። እሑድ እሑድ መጽሐፍ ይዞ ሲሄድ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚማር መሰላቸው፤ ሁለት ሰዎች ማመልከቻ ጻፍልን ብለው ለምነውታል። ደበላ ምንም አላለም። በየቀኑ ንጹህ መኪና ይረከባል፤ በየቀኑ የተተበተበ መኪና ያስረክባል።

በ1956 ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ በዛብህ ሲገባ ድሩ ከአርባ ቦታ ተበጥሷል፣ መወርወሪያው ተሰንጥቋል፤ ደበላ ኮቱን ደርቦ እያፏጨ ወደ በሩ ይሄዳል። የሦስት ዓመቱ ትዕግሥት በአንዴ ገነፈለ።

«አንተ የሰነፍ ልጅ! አባትህም እንዲሁ እንደተጋደመ ሞተ፤ ከማን ትማረው!» ብሎ ጮኸ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በመኪናው ጩኸት ማንም አይሰማውም ነበር። ያኔ ግን ፈረቃ መለወጫ ስለሆነ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ክፍሉ በሙሉ ሰማ። የደበላ አባት ከሞቱ ገና አምስት ወራቸው ነው። ሁለት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቁ እሑድ ከሰዓት እየሄደ ያጥባቸው የነበረው ራሱ በዛብህ ነው። ቋሚ መስደብ የተለመደ ነው፤ ሙት መስደብ ግን ነውር ነው። ደበላ ባርኔጣውን አደረገና ወጣ።

በዛብህ ቤቱ ገብቶ እራት አልነካም። የሦስት ዓመት ስብከት በአንድ ትንፋሽ አፈር በላ። አቻምየለሽ የሆነውን ሰምታ፣ «ታዲያ እንደ አገሩ ይቅርታ ጠይቀው እንጂ!» አለችው።

በማግስቱ፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሊወጣ ሲል፣ በዛብህ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ፋብሪካው በር ላይ ደረሰ። ዘበኛው ጉተማ ሠራተኛ ሲወጣ ጨርቅ ይፈትሻል እንጂ ድንጋይ ይዞ የሚገባ ገጥሞት አያውቅም።

«ፈቃድ አለህ?» አለው።

«ይቅርታ ልጠይቅበት ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል። ግን ከገባ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ መልሰህ ይዘኸው አትወጣም።»

በዛብህ እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ መጠበቁን መረጠ። ሠራተኛው ግር ብሎ ሲወጣ ደበላ አየውና ቀጥ አለ።

«ደበላ፣ ሙት ሰድቤያለሁ። በድያለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።»

«ኧረ ማረው፣ አንገቱ ሊቀነጠስ ነው!» አለ ሰዉ። ደበላ ድንጋዩን አንስቶ መሬት ጣለው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ክንዱን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ሦስት ዓመት ደግ ስትሆን አፈጣጠሩ ነው ብዬ ተውኩህ። ረጅም ሰው ለምን ረዘምክ አይባልም። ትናንት ግን እንደኔው ክፉ መሆንህን አየሁ። እኔ ብሆን እንኳን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ለብቻችንም ይቅርታ አልልህም። አንተ ምን አግኝተህ ነው?»

በዛብህ ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓመት ያሰናዳው ባለ አምስት ክፍል መልስ ነበረው። አንዱም አልመጣለት አለ።

«ኢየሱስ ክርስቶስ ኃጢአቴን ተሸክሞ ይቅር ብሎኛል። ሌላ ያገኘሁት የለም።»

«ለአንተ ብቻ ነው?»

«ላመነ ሁሉ ነው።»

«ለአባቴም ይሆን ነበር?»

«ይሆን ነበር።»

ደበላ ሲጋራውን ለኮሰ። «ስታጥባቸው ቆይተህ ስትሄድ፣ ‹ይህ ልጅ ምን ቢያገኝ ነው እንዲህ የሆነው? እስቲ ጠይቅልኝ› ይሉኝ ነበር። አፈጣጠሩ ነው አልኳቸው። አንተ ግን ታውቅ ነበር። ምነው ዝም አልካቸው?»

በዛብህ አቶ ቀናው የመከሩትን ሊነግረው አሰበና አፈረ። ወደ ሥራው ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ ደበላ ጸሎት ቤት መጣ፤ አቶ ቀናው የሚያምን ማን ነው ብለው ሲጠይቁም አምናለሁ ብሎ ቆመ። በዛብህ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ ዋለ። ምእመናኑ የደስታ ልቅሶ መስሏቸው እልል አሉ።