አባባና የተዘጋው የባቡር ጣቢያ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ሲያትል ውስጥ፣ እናትና አባቴ ሥራ ስለሚውሉ ወደ ኳስ ልምምድ የሚወስዱኝ አያቴ ነበሩ። አባባ እንላቸው ነበር። ከአዳማ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። ሜዳው ድረስ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፤ እሳቸው በካፊያው ውስጥ ቦርሳዬን ተሸክመው፣ አያ ጅቦንና ጦጣን በየድምፃቸው እያናገሩ አንድ ተረት ይጨርሱልኝ ነበር። ያኔ መንገዱ ባያልቅ እል ነበር።

ሜዳው አጠገብ አሮጌ የባቡር ጣቢያ አለ። ድሮ ትልልቅ ግጥሚያ ሲኖር ባቡር ተመልካች እንዲያራግፍበት የተሠራ ነው፤ እዚያ ይጫወት የነበረው ትልቅ ቡድን ወደ ሌላ ስታዲየም ሲዛወር ተዘጋ። የቀረው የዛገ መጠለያ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን አባባ ሜዳው ዳር ቆመው እንደ ጅብ ሲያጓሩልኝ የቡድኔ ልጆች ሳቁ። አንዷማ እሳቸውን እያስመሰለች አጓራች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ጣቢያው ጋ ስንደርስ አባባ ማስታወቂያውን አይተው፣ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ባቡር በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል ይላል። ስጨርስ በሱ እንሄዳለን፤ እዚህ ይጠብቁኝ፣ አባባ።»

«ኦኬ» አሉና ተቀመጡ።

ማስታወቂያው የሚለው «ተዘግቷል» ነበር።

ልምምዱ መሀል የጭነት ባቡር መጣ። አባባ ብድግ ብለው ኮታቸውን አስተካከሉና እጃቸውን አነሱ። ባቡሩ ውሃ እየረጨ አለፋቸው። ከእኔ በቀር ያያቸው አልነበረም፤ እኔም ፊቴን ወደ ኳሱ አዞርኩ። ስጨርስ «ዛሬ ቀርቷል መሰለኝ» አልኳቸውና በእግራችን ተመለስን።

በቀጣዩ ሳምንት እኔ ምንም ሳልል ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ባቡሩ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እንደማይመጣ እዚህ መኪና ፓርክ ያደረገ ያገር ልጅ ነግሮኛል» አሉ፣ ቦርሳዬን እያቀበሉኝ። «ልጆቹ እንዳይስቁብሽ ነው እንጂ። ሂጂ፣ ጀምረዋል።»

ዓመቱን ሙሉ እዚያ ተቀመጡ። እኔም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ዓመቱ አለቀ፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ። በመንገዳችን ላይ ተረት መንገራቸውን አልተዉም ነበር። ሜዳው ሲቃረብ ግን ማንም ሳይነግራቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ከተረቶቹ ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ አልረሳሁትም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።