ዳያሲሪ ለእናቱ ያወጣው ምሳ

ዳያሲሪ ግብር ሰብሳቢ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያጨፈግግ ያውቃል፤ ለምዶታል። በደሴታችን ደቡብ፣ ማታራ ከተማ ባለው መሥሪያ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሲሠራ ከማንም አምስት ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው ግን ይህን የሚያነሣው ለምስጋና አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉና ይሥቁበታል።

አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነዳጅና የዱቄት ወተት በጠፋበት ዓመት፣ እሱም እንደሌላው ሰልፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል። ከዚያ ሰልፍ ይዞት የተመለሰው እምነት አንድ ነው። የተበደረ ይከፍላል፤ መንግሥት ወጪውን ይቀንስ፣ ሕዝቡም ግብሩን ይክፈል፣ ሌላ መድኃኒት የለም። ደግሞ ለአፉ ብቻ አልነበረም። የገዛ ደመወዙ ላይ ግብር ሲጨመር ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ቻንድራሌካ ከምትሠራበት የመንግሥት ክሊኒክ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ ሲቀር «ለአገር ነው» አላት። «እንግዲያው ምሳህን አገር ትሥራልህ» ብላ ለሳምንት አኮረፈችው።

ወጪ ለመቀነስ ሲባል በመሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ ጣፋጭ መቅረቡ ይቁም የሚል መመሪያ ሲመጣ፣ ደስ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ እሱ ነበር። ያን ጣፋጭ የሚያቀርበው ጎረቤቱ ማርቲን መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ዳያሲሪ በልጅነቱ የማርቲንን ድስት እየፋቀ ነው ያደገው። ቀጥሎ አዲሱ ሕግ ቫት የሚከፍሉትን ነጋዴዎች ሲያበዛ የማርቲንም የጣፋጭ ሱቅ ገባበት። ወረቀቱን ይዞለት የሄደው ዳያሲሪ ራሱ ነው።

ማርቲን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «የበላው ሌላ፣ ከፋዩ እኛ። ዕዳ ከሜዳ ነው እኮ፣ ማሃታያ።»

ዕድሜውን ሙሉ «ማሊ» እያለ እንደ ታናሽ ወንድሙ ሲጠራው የኖረ ሰው፣ ያን ቀን እንደ ባለሥልጣን «ማሃታያ» አለው። ዳያሲሪን ከስድብ ሁሉ ይበልጥ ያመመው ይህ ነው።

እናቱ ኤሚ ኖና ያረፉት በዚያው ዓመት ነው። ደግ ሴት ነበሩ፤ መንደሩ በሙሉ አልቅሶ ቀበራቸው። ቬሳክ የሚባለው የቡድሂስቶች ታላቅ በዓል ሲደርስ ዳያሲሪ በስማቸው ዳንሰል ሊያወጣ፣ ማለትም በራፉ ላይ ድንኳን ጥሎ ላለፈ ላገደመው ምሳ ሊያበላ ወሰነ። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው የሚላከው ስንቅ ልጆቹ የሠሩለት ጽድቅ ነው። ጽድቁ ደግሞ ሰው ሲበላ እንጂ ወጡ ስለበሰለ ብቻ አይገኝም። ስለዚህ በዚያ ቀን የሚለምነው ምሳውን የሚያበላው ነው፤ በላተኛው እንደ ጌታ ይለመናል። የሚበላለት ያጣ ልጅ እናቱን ባዶ እጃቸውን እንደሸኘ ይቈጠራል።

ሩዙ፣ የምስር ወጡ፣ የቃሪያ ጥብሱ፣ ሁሉም ደርሶ ተደረደረ። ቤታቸው ያለው ከመንገድ ገባ ብሎ ስለሆነ የሚያልፈው የመንደር ሰው ብቻ ነው። ለበዓሉ ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ ከቤተ መቅደስ እየተመለሰ በድንኳኑ ፊት ዐለፈ፤ ዐንገቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሮ። ዳያሲሪ እጁን እያጋጠመ ቢለምንም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ደፍሮ መልስ የሰጠው ዓሣ ሻጩ ብቻ ነው።

«ዛሬ ጾም ይዣለሁ፣ ማሃታያ። ከቀትር በኋላ እህል አልቀምስም።»

ይህ ሰው በዕድሜው ምሳ ዘልሎ አያውቅም። ከኋላው ያሉትም ቃሉን ተቀባብለው ዐለፉ።

«መንደሩ በሙሉ በአንድ ቀን መነኰሰ እንዴ?» አለች ቻንድራሌካ፣ የሩዙን ክዳን እየመለሰች። ዳያሲሪ ግን መሣቅ አልቻለም። ሰዎቹ ለግብሩ እሱን ቀጥተው ቢሆን ይችለው ነበር፤ የተቀጡት እናቱ ናቸው።

ማርቲን የመጣው ምሳው ሊቀዘቅዝ ሲል ነው። ከኋላው ድስት የሚያማስሉለት ሴቶች ተከትለውታል።

«ማርቲን አይያ፣ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለእናቴ ብለህ» አለ ዳያሲሪ፣ እንደ ድሮው ታላቅ ወንድም ብሎ ጠርቶት፣ መዳፎቹን ገጥሞ።

«ያን ወረቀት ስታመጣልኝ እንዲህ ብትለምን ምን ነበረበት?»

«ያን ጊዜ የላከኝ ሕግ ነው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ እናቴ ናቸው።»

ማርቲን ድስቶቹን አየ። «ኤሚ ኖናን ባዶ እጃቸውን አልሰድም። ግን እኔ አልራበኝም። እነዚህን አብላቸው። ሱቁን ትናንት ዘግቼ አሰናብቻቸዋለሁ።»

ሴቶቹ ተቀመጡ። ቻንድራሌካ ስትጨልፍ ዳያሲሪ ሰሐን አቀረበ። አቀርቅረው በሉ። ማርቲን ቆሞ ሲያስበላ ያየው መንደርተኛም ቀስ በቀስ ተመልሶ ተሰለፈ፤ ዓሣ ሻጩም ጾሙን ፈታ። ዳያሲሪ ቀኑን ሙሉ የተመኘው ሰልፍ መጣለት።

ከሴቶቹ ትልቋ ሲላዋቲ ሰሐኗን እንደ ያዘች ተጠጋችው። የበላችው ግማሹን ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣ ማሃታያ። የዳንሰል ምግብ ቤት አይወሰድም፣ ዐውቃለሁ። ይህችን ለነገ በሙዝ ቅጠል ብትጠቀልልልኝ? ነገም ስንበላው የእናትህን ስም እንጠራለን።»

የራሷን ትራፊ አልጠቀለለላትም። ከድስቱ አዲስ ጨልፎ ጠቀለለላት። ዕዳው መከፈል እንዳለበት ያን ጊዜም ያምን ነበር፤ አሁንም ያምናል። ግን ዐፈረ፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

ሰዉ በልቶ ሲያበቃ ቻንድራሌካ የውኃ ማሰሮውንና ጽዋውን አመጣች። ልጅ ውኃውን እያፈሰሰ «ይህ ጽድቅ ለእናቴ ይድረስ» ሲል ነው ስንቁ የሚላከው።

«በል እንጂ፣ ላክላቸው» አለችው።

ዳያሲሪ ማሰሮውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ምን ብዬ ልላክ?» አለ። «እናቴ እኮ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ሲላዋቲን ማን እንዳስራባት ነው።»