ሳይቀመስ የበሰለ ሸርጣን

እርጥብ ጆንያ ሲሸተኝ አባቴ ይታወሰኛል። በደርግ ጊዜ ምጽዋ፣ በትንሽ ጀልባ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። የተያዘውን ሸርጣን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ያቆየዋል፤ ከሞተ ቶሎ ይበላሻልና። ከዚያ በባሕሩ ውሃ ይቀቅለዋል። እምነታችን ስለማይፈቅድ ግን አይቀምሰውም።

ለእረፍት ቦሌ ሚካኤል ቤታችን መጥቶ ይህን ሲያወራ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ያቀረብንላቸውን ቆሎ ገፋ አደረጉ።

«ሳልቀምስ አበሰልኩ ብትል ማን ያምንሃል?»

«እትዬ፣ የፋሲካን ዶሮ በጾም ሲሠሩ ይቀምሳሉ እንዴ?»

«ምን ቆርጦኝ! አሽትቼ ነው እንጂ።»

«እኔም እንደዚያው።»

 እትዬ ቆሎውን ዘገኑና «በል ቀጥል፤ ከበሰለ በኋላስ የት ታኖረዋለህ?» አሉት። እኔ በኩራት ተጠግቼው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ስለ ባሕር እንስሳት ሳስተምር ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይህን ማን ነገረዎት?» ይሉኛል።

«አባቴ» እላለሁ፤ «ሸርጣን ቀምሶ የማያውቀው የሸርጣን አብሳይ።»