ጸበል ነው ብለን የተውነው ውሃ

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አልፏል። ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ረስቶት ወይም ለሳቅ እያወራው ይኖር ነበር። እኔ ግን ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ወደ ግቢው፣ መኪናዬ ወደቆመችበት ይሄዳል።

ሥራዬ ነርስነት ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ሰቆጣ የመጣሁት ተመድቤ ነው። ስመጣ “ትንሽ ሠርቼ እቀየራለሁ” ብዬ ነበር፤ ይኸው አለሁ። የምኖረው እማማ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው። እማማ ባለቤታቸውን አቶ ኪሮስን በሞት ካጡ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በኽምጣና ነው። አማርኛቸው ቀስ ያለና የተመረጠ ነው፤ ሲናደዱ ግን ወደ ኽምጣናቸው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ምን እንዳሉኝ አለማወቄ ይበጀኛል።

መኪናዬ ወንድሜ ሲሰለቻት የሰጠኝ አሮጌ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጠዋት ጠዋት አልነሳ ስትል የሰፈሩ ሰዎች ከኋላ እየገፉ “ሲስተር፣ መጀመሪያ እሷን አታክሚያትም?” ይሉኛል። እኔም እንደ መናደድ እልና ገፍተው ሲጨርሱ አመሰግናለሁ።

ጳጉሜን ሲገባ መኪናዋ የእኔ መሆኗ ቀረ። በጳጉሜን ጸበል የማይጠመቅ የለምና ጎረቤቱ ሁሉ ማለዳ ከእኔ ጋር ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ በየጀሪካኑ ሞልቶ የኋላ ኮፈኔ ውስጥ ይደረድራል። በዚያው ሰሞን ነው ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ምንጣፍ ገልጬ ሳይ፣ ትርፉ ስኮርት ጎማ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ተኝቶ ያገኘሁት።

“የአንዱ ጀሪካን ያፈሳል” አልኩና የወለል መጥረጊያ ጨርቅ ይዤ መጣሁ። እማማ እጄን ያዙኝ።

“ሲስተር፣ በዚህ ልትጠርጊው ነው?”

“አዎ፤ ምነው?”

“ጸበል እኮ ነው! የእግር ማበሻ ጨርቅ ታስነኪዋለሽ? ደግሞስ የት ልትደፊው ነው? ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ?”

አፈርኩ። እሳቸው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አመጡና ውሃውን ቀስ እያሉ አስመጠጡት፤ ከዚያ እግር በማይደርስበት ከግቢው ወይራ ሥር ጨመቁት። የቀረችውን ጠብታ በግንባሬ ቀቡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ በተገኘ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ጎረቤቶቹ “የእኔ አያፈስም፤ የእሷ ነው” እየተባባሉ ተኮራረፉ። የሁሉም ጀሪካን ክዳን በፌስታል ተጠቀጠቀ። ውሃው ግን አልቀረም።

የሩፋኤል ዕለት ሰማዩ ተቀደደ። ልጆቹ “ሩፋኤል አሳድገኝ!” እያሉ እየዘለሉ ተጠመቁ። እማማ ሻሻቸውን አውልቀው ግቢው መሐል ቆሙ፤ እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር ያን ቀን ወደ ጸበሉ የተጓዝነው በእግራችን ነው፤ መኪናዋ ባዶዋን ግቢ ውስጥ ውላለች። በማግስቱ ኮፈኑን ስከፍት ከመቼውም የበለጠ ውሃ ጠበቀኝ።

“እማማ፣ ትናንት እኮ ጀሪካን አልጫንንም” አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት። “እንግዲያ ራሱ ሩፋኤል ሞልቶት ይሆናላ” አሉኝ። ሲቀልዱ ይሁን ከልባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ መሳቅ ጀምሬ ነበር። ሲሚንቶው ትዝ ሲለኝ ሳቄ ቆመ።

አቶ ኪሮስ የተቀበሩት በትውልድ ቀያቸው፣ ጋዝጊብላ ውስጥ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። መቃብሩ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ አፈሩን ይጠርገዋል። ይህን ስለሚያውቁ ሊሞቱ ሲሉ የእማማን እጅ ይዘው “ለቴ፣ ጎርፍ እንዳይወስደኝ” ብለዋቸው ነበር። እማማም ሙት ዓመቱ ሳይደርስ በሲሚንቶ እንደሚያስለስኑት ቃል ገቡ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሲሚንቶ ሰቆጣ ገባ ማለት ራሱ ወሬ ነው። ቤት የሠራ ዘመዳቸው አንድ ከረጢት ተርፎት ሰጣቸው። ከአልጋቸው ሥር ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ይጠብቁት ነበር። እኔን እንኳ እንዲያ አልደረቡልኝም።

ወደ ጋዝጊብላ እንዴት እንደሚያደርሱት ሲጨነቁ “እኔ ምን ሠርቼ! በመኪናዬ አደርስልዎታለሁ” ያልኩት እኔ ነኝ። የጭነት መኪና ላይ ዝናብ ያገኘዋል ብለው ፈርተው ነበርና ደስ አላቸው። “ያንቺስ ክዳን አላት” አሉኝ።

ሙት ዓመቱ የመስከረም መግቢያ ላይ ነው። የማውቀው የመኪና ቆርቆሮ ጠጋኝ ባትላሜራ ለበዓል አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ቀዳዳውን እማማና እኔ ልንፈልገው ተነሳን። እኔ ኮፈኑ ውስጥ ገብቼ በስልኬ መብራት ልፈልግ፣ እሳቸው ዘግተውብኝ ከላይ በጆግ ውሃ ሊያፈሱ ተስማማን። ዘጉት። ወዲያው ቁልፉ ኪሴ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ።

“እማማ! ከሹፌሩ ወንበር ሥር ያለውን ነገር ይሳቡት!” ብዬ ጮህኩ።

መጀመሪያ የሞተሩን ክዳን ከፈቱ። ቀጥለው የነዳጁን። ኽምጣና መናገር ሲጀምሩ እዚያው የምቀር መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ቀናቸውና ወጣሁ፤ ዳንቴል እንደ ለበሰች ሙሽራ የሸረሪት ድር ለብሼ። እማማ እስኪያስላቸው ሳቁብኝ።

ልፋታችን ግን ከንቱ አልሆነም። በግራው የኋላ መብራት ጥግ ውሃ ጠብ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ቀዳዳ የሚደፈንበት ሲሊኮን ፍለጋ ስዞር ሱቁ ሁሉ ለበዓል ተዘግቷል። እማማ ገብተው ሰም ይዘው መጡ፤ ማር አገር ነውና ሰም አይጠፋም። በእጃቸው እያሻሹ አለስልሰው የመብራቱን ዙሪያ ጠቀጠቁት። ደግመን ደጋግመን ውሃ አፈሰስንበት። ጠብ አላለም። እማማ እልል አሉ። እኔም በውስጤ “ይህም ሙያ ሆኖ” ብዬ ኮራሁ።

በሙት ዓመቱ ዋዜማ ተነሳን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ከረጢቱ እየተንሸራተተ እንዳይቀደድ ስኮርት ጎማውን አውጥተን ኋላ ወንበር ላይ ጣልነው፤ ሲሚንቶውን በቦታው፣ ጎድጓዳው ውስጥ አስቀመጥነው። ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስል ነበር። ላስቲኩ ሲነሳ ሲወድቅ ተተረተረ። “ቀዳዳውን ደፍነነዋል፤ ምን ያደርግልናል?” ብለን ተውነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ደመናው ከየት መጣ ሳይባል መጣ። አንድ ቁልቁለት ስንደርስ ከሥር ያለው ወንዝ ሞልቶ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል። ከፊቴ አይሱዙ፣ ከኋላዬ ሌላ አይሱዙ። የመኪናዬን አፍንጫ ወደ ታች ደፍቼ መሐላቸው ቆምኩ። ዝናቡም ወረደ።

መጀመሪያ የሰሙት እማማ ናቸው። “ሲስተር፣ ስሚ” አሉኝ።

ከኋላ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቁልቁል ስለቆምን ውሃው በኋላው መስታወትና በኮፈኑ ክዳን መገናኛ ላይ ታቁሮ፣ በመስታወቱ ጎማ ሥር ይገባል። እኛ ግቢያችን ሜዳ ላይ አቁመን መብራቱን ብቻ ነበር የፈተንነው።

ኮፈኑን ልክፈተው ብል ዝናቡ በሙሉ ሊገባበት ነው። ወደ ኋላ ልበል ብል መንገድ የለም። የኋላውን ወንበር ልንቀል ብዬ ብታገል ንቅንቅ አላለም። ወጣሁና የእማማን ጋቢ ክዳኑ ላይ ዘረጋሁት፤ ነፋሱ ገለበጠው። ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። ውሃው በጋቢው ውስጥ አልፎ፣ በእኔም አልፎ ይወርዳል። ከታችኛው አይሱዙ ሰዎች እያዩኝ ነበር፤ ያበደች ሳልመስላቸው አልቀረሁም። በሥራዬ ምንም ላደርግላቸው የማልችላቸው በሽተኞች አይቻለሁ። ለእነሱ ቢያንስ እጃቸውን እይዛለሁ። እዚያ ግን የሚያዝ ነገር አልነበረም። አለቀስኩ።

እማማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። “ተይው ልጄ፣ ግቢ። ሰማይን በጋቢ አትከድኝውም” አሉኝ።

ገባሁ። ሁለታችንም ያንን ጠብ ጠብ ስናዳምጥ ዋልን። እማማ መጀመሪያ ይጸልዩ ነበር፤ በኋላ እሱንም ተዉት።

ወንዙ ጎድሎ ተሻግረን መንደሩ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የአቶ ኪሮስ ታናሽ ወንድም አያ ወልዱ አሸዋ አበጥረው፣ ግንበኛ ጠርተው ይጠብቁን ነበር። ኮፈኑን ከፈትኩ። ከረጢቱ ጠቁሯል። እጄን ሳስቀምጥበት ይሞቃል፤ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው እንደሚሞቅ አላውቅም ነበርና ክው አልኩ። አያ ወልዱ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

“ይዟል” አሉ። መጠጠር ጀምሯል ማለታቸው ነው።

እማማ እጃቸውን ከረጢቱ ላይ አሳርፈው በኽምጣና አንድ ነገር ተናገሩ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። በኋላ አያ ወልዱን ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

“‘ኪሮስ፣ እንዳታኮርፈኝ’ ነው ያለችው” አሉኝ።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም። እራት አቀረቡልኝ፣ እግሬን ሊያጥቡኝ ውሃ አሞቁልኝ።

ጠዋት ከረጢቱ ድንጋይ ሆኖ አደረ። ወንዶቹ በዲጂኖ ፈልፍለው ሲያወጡት መኪናዬን ሁለት ቦታ ሰረጎዷት፤ ደስ አለኝ ልበል፤ የድርሻዋን ማግኘቷ ነው። የወጣው ድንጋይ ከሥሩ ክብ ነው፣ ልክ እንደ ስኮርት ጎማው ማስቀመጫ። መሐሉ ላይ ደግሞ ጎማው የሚታሰርበት ብሎን የነበረበት ቦታ ተቦርቡሮ ቀርቷል።

ይጣላል ብዬ ስጠብቅ አያ ወልዱ ዞር ዞር ብለው አዩትና “ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው። ከራስጌው እንትከለው። ይሄን አይገፋውም” አሉ። ከፍትሐቱ በኋላ ተሸክመው ወሰዱት፤ ክቡን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው ከመቃብሩ በላይ ግማሹን ቀበሩት። መቃብሩ ግን ሳይለሰን ቀረ። እማማ ቆመው አዩ።

ባትላሜራው ከበዓል ሲመለስ የመስታወቱን ጎማ ቀየረልኝ። “ከእንግዲህ ጠብ አይልም” አለኝ። ግን ዛሬም ጠብ ይላል። ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ ጥግ አያጣም። አሁን ኮፈኔ ውስጥ ውሃ የሚፈራ ነገር አልጭንም፤ እማማም እንዳደርስላቸው የጠየቁኝ ዕቃ የለም። አልጠይቅም ብለው ሳይሆን እንዳልሳቀቅ ብለው ነው፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።

በዚህ መስከረም ግን ለመታሰቢያው አብሬያቸው ወረድኩ። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዓይኔን ወደዚያ ድንጋይ ማንሳት ከበደኝ። ጎርፉ መጥቶ ነበር፤ ምልክቱ ይታያል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አልፏል። የመቃብሩ አፈር አልተነካም።

የብሎኑ ጎድጓዳ የሌሊቱን ዝናብ ሞልቶ ይዟል። እማማ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ግንባራቸውን አማተቡ። ከዚያ የእኔን ግንባር ቀቡኝ።

“አየሽ ሲስተር?” አሉኝ። “ይሄኛው አያፈስም።”

ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ፊት ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።