በአረፋ ጠዋት፣ ለጉንፋን

የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ ሸምሱ፤ እናቴ ከድጃ፤ ከመርካቶ ለአረፋ የመጣው የአጎቴ ልጅ ኸይሩ፤ ገና ጥርስ ያላወጣችው እህቴ ራህመት፤ በቡታጅራ ክሊኒክ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር አቶ ታፈሰ፤ እና እኔ፣ የቤቱ በኩር። ከራህመት በላይ የነበረው ወንድማችን ሙህዲንም አለ፤ እሱ ግን ካለፈው ክረምት ጀምሮ አፈር ውስጥ ነበር።

ያስታወሰኝ የልጄ ቁጣ ነው። ሰሞኑን ሚስቱ ሕፃኑን ይዛ ጤና ጣቢያ ውላ ብትመለስ፣ «ለጉንፋን ይህን ያህል ወረፋ? ምን ሰጡሽ ታዲያ?» አላት። «ምንም፤ ደህና ነው አሉኝ» አለችው። ልጄ የተማረ ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው። ቢሆንም ዝም በል አልኩት፤ ምክንያቱንም እዚህ እጽፋለሁ።

በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። አረፋ በበጋው ብርድ ላይ ዋለ። እንደ ኸይሩ ከአዲስ አበባ የመጡት የመንደሩ ዘመዶቻችን በአውቶቡስ ጨርቅ፣ ስኳርና ጉንፋን ጭነው መጡ። በዋዜማው፣ በሴቶች አረፋ ዕለት፣ የቆጮና የአይቡ አተካና በቅቤ ርሶ እየተበላ፣ ቤቱ በሙሉ ይስል ነበር፤ ኸይሩ ባስነጠሰ ቁጥርም እንስቃለን። በማግስቱ ማለዳ ግን ራህመት ጡት እየያዘች ትለቅ ጀመር። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ሙህዲንን «ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል» እያልን ነው የቀበርነው።

በእኛ ቤት የአረፋን በሬ ጠልፎ የሚጥለው የበኩር ልጅ ነው። ጎረቤቱ ከስግደት ተመልሶ፣ ገመዱን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ዛሬ ከዚህ ደጅ የሚወጣ የለም» አሉ አባቴ። «እንግዳው ምን ይለኛል? ጤና አዳም እሹላት።»

«በሬው ይቆያል፤ እሷ አትቆይም» አልኩና ራህመትን ያዘለች እናቴን አስከትዬ ወደ ክሊኒኩ ወጣሁ።

በርበሬ ከተለቀመበት ማሳ መሃል የሚያልፈው መንገድ አቧራው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ እንወጣለን። ክሊኒኩ ክፍት ነበር። ያኔ የእኛ በዓል በመንግሥት ዘንድ በዓል አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር ያን ቀን ጠቀመኝ።

አቶ ታፈሰ የልጅቷን ደረት ገልጦ አተነፋፈሷን ብዙ አየ።

«ጉንፋን ነው» አለ።

እናቴ አማርኛ አትሰማም። ነግሬያት የመለሰችውን ነገርኩት፦ «መርፌ አይወጋትም ወይ ትላለች።»

«ጉንፋን መርፌ አይፈራም በላት። እዚህ ጋ ትመልከት፣ ከጎድኗ ሥር። ስትተነፍስ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ወይም ጡት ጨርሳ እንቢ ካለች፣ በበዓልም ቢሆን አምጧት። አሁን አፍንጫዋን እየጠረገች ጡት ታጥባት።»

እናቴ ደግሜ እንድነግራት አደረገችኝ፤ ጣቷንም ራሷ ከልጅቷ ጎድን ሥር አሳርፋ አየች።

ስንመለስ ሥጋው ተቆራርጦ ነበር። በሬውን የጎረቤት ልጅ ጥሎታል።

«ዶክተር መጣ» አለ ኸይሩ እያስነጠሰ። «በል የእኔንም ንፍጥ እይልኝ።»

ሳቁ ሲበርድ አባቴ «መድኃኒቱ የታለ?» አሉኝ።

«የለም። ደህና ናት አሉን።»

«እሱንማ እኔም ብዬህ ነበር።»

«እርስዎ ለሙህዲንም ብለው ነበር» አልኩ።

ኸይሩ እንኳ ማስነጠሱን በጋቢው አፈነ።

አባትን በእንግዳ ፊት እንዲህ መናገር ነውር ነው፤ ልጆቼንም ቀጥቼበታለሁ። ያን ቃል ግን አልመልሰውም። ሰው ለጉንፋን ሐኪም ቤት የሚሄደው ጉንፋን ብቻ መሆኑን ስለማያውቅ ነው። «ደህና ናት» የሚለውን ደረቷን ገልጦ ካየ ሰው መስማትና ሳያይ ከሚናገር ሰው መስማት አንድ አይደለም። ልጄም ይህን ይወቅ።

ያ ጠዋት ያስከፈለን ይኸው ነው። አባቴ በእንግዳ ፊት አፈሩ፤ እንሰት እስኪተከል ድረስም አላናገሩኝም። እናቴ የበዓሉን ሥጋ ቀዝቅዞ በላች። እኔ በሬ የመጣል ተራዬን ለጎረቤት ልጅ አስረከብኩ፤ በእኩዮቼም ዘንድ እስከ ዛሬ ስሜ «የንፍጥ ዶክተር» ነው። ራህመት በእናቷ ጀርባ ላይ አቧራ ጠጣች፤ አሁን አያት ናት። ሁሉም ቢደመር አንድ በዓል አይሞላም።

ሙህዲን ያስከፈለንን ግን ደምሬ አልጨረስኩም።