የዘንዶው ጥርሶች

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ በርና መስኮት እየበየድኩ ነበር የምኖረው። በሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ከላይ የጦር ጫፍ የሚመስል ሹል፣ መሃል ላይ አበባ፣ ከታች ላሜራ። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ከተማው በግንባታ ሲወጠር እኔም በሹልና በአበባ ተወጠርኩ። አንድ ቀን አበባ ስበይድ እጄ እምቢ አለኝ። ማንም ያላዘዘውን፣ ማንም በዓይኑ ያላየውን ነገር መሥራት አማረኝ። ዘንዶ ልሥራ አልኩ፤ ክንፍና ቀንድ ያለው።

ለቆዳው አልተቸገርኩም። ከቴፒ ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ ጥሎት የሄደ የቡና መፈልፈያ ጥግ ላይ ተጋድሞ ነበር። ከበሮው የሚለብሰው የመዳብ ቆርቆሮ ፍሬውን የሚልጥበት እባጭ እባጭ አለው። ቆርጬ በብረት አጥንት ላይ ሳጠቀልለው ቁጭ የዘንዶ ቅርፊት ሆነ። ክንፉን ከጣሪያ ቆርቆሮ ቁርጥራጭ፣ ጭንቅላቱን ከላሜራ አወጣሁ። ቀንዱን የሰጠኝ አንድ የሸኮ ደንበኛዬ ነው። ቀፎ ሊሰቅል ጫካ ሲገባ ከሞተ ድኩላ ያገኘውን ግድግዳው ላይ ተክሎ ባርኔጣ ይሰቅልበት ነበር። “ባርኔጣዬን መሬት ጥዬ ነው ያመጣሁልህ፣ እንዳታበላሸው” ብሎኝ ሄደ።

ጥርሶቹ ግን የኔ የብቻዬ ጉዳይ ነበሩ። ከቄራ የበሬ ቀንድ አምጥቼ ቀቀልኩ። ቀንድ ሲቀቀል የሚሸተውን የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ጎረቤቶቼ ግን አወቁት። ሲለሰልስ ሞርሳ ላይ አስሬ በሴጌቶ መጋዝ ቆረጥኩ፣ በሞረድ ሞረድኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ በመጨረሻ በአመድና በጨርቅ እስኪያበራ ድረስ አሸሁት። እያንዳንዱ ጥርስ ሥሩ የማር ቀለም፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ እነዚያ ጥርሶች ይበልጡ ነበር። ትሕትና ጎደለው የሚለኝ ካለ ይበለኝ። የዘንዶውን አፍ በሰፊው ከፍቼ ደረደርኳቸው።

ሥራዬም መኝታዬም አከራዬ ግቢ ውስጥ ነበር። እሳቸው በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ ጾም የማይሽሩ፣ እኔን እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ ልጅ የሚቆጡ ሴት ናቸው። ያለቀውን ዘንዶ በራቸው ፊት ለፊት አቁሜው ሲያዩ አማተቡ።

“አንተ ልጅ፣ ጊዮርጊስ የገደለውን አንተ ታስነሳለህ?”

“እማማ፣ ቆርቆሮ እኮ ነው።”

“ቆርቆሮም ቢሆን ከግቢዬ ይውጣልኝ። አይወጣም ካልክ አብራችሁ ውጡ።”

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ነገሩ የቀንዱ መሰለኝ። እልኸኛ ነኝና በነጋታው ስለ ቀንድ ክርክር ገጠምኳቸው። “ቀንድ ያለው ሁሉ ሰይጣን ከሆነ የፋሲካው በግ ምን ሊባል ነው?” አልኳቸው። ሰላምታ ነሱኝ። ዘንዶውን እንደማልጥለው አውቅ ነበር፤ እሳቸውን ትቼ መውጣት ግን ከበደኝ። በዚያ ከተማ “ምሳ በልተሃል ወይ?” ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ይላካል፣ የተጣላ ለማስታረቅ ይላካል፤ በቆርቆሮ የተነሳ የተላከበት ሰው ግን ከኔ በፊት አልሰማሁም። ሦስት ነበሩ፦ ባለሱቁ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና ከግቢያችን ጀርባ የሚኖሩ የቤንች ገበሬ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። አከራዬ ለዘንዶው ጀርባቸውን ሰጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ወዲያው ረሱት። ባለሱቁ ክንፉን እየደባበሱ ዝናብ ያስገባ እንደሆነ ጠየቁኝ። መምህሩ ጅራቱ አጥሯል አሉ። ገበሬው ሆዱን አንኳኩተው አዳመጡና “ይሄ መፈልፈያ ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ” አሉ። ቆይቶ መምህሩ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ።

“እንግዲህ ቀንዱ ተነቅሎ እርቅ ቢወርድስ?”

“ቀንዱን ማን ነካው?” አሉ አከራዬ ዞር ሳይሉ። “አፉ ነው።”

“አፉ ምን ሆነ?”

“ተከፍቷል።” ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። “ጠዋት በሬን ስከፍት አፉን ከፍቶ ያየኛል። አገራችን ሳለን፣ ወደዚህ ሳንጫን በፊት፣ አፉን ከፍቶ የሚያየኝ ብዙ ነበር። የምሰጠው አልነበረኝም። ዛሬ በስተርጅና፣ ሞልቶልኝ ሳለ፣ የተራበ ነገር ግቢዬ አላቆምም።”

ገበሬው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ያን ሁሉ ቀን ስለ በግ ቀንድ ስከራከር እሳቸው የሚያዩትን አላየሁም ነበር።

አፉን መዝጋት ቀላል ነው፤ መንጋጋውን ቆርጦ ከፍ አድርጎ መበየድ ነው። ግን ጥርሶቹ እዚያው ተቀብረው መቅረታቸው ነው። መምህሩ ሐሳቤ ገብቷቸው “ነቅለህ አንገቱ ላይ ለምን አትደረድራቸውም?” አሉኝ። ጥርስ አንገት ላይ ምን ይሠራል? አይሆንም አልኩ። ከነጥርሱ ልዘጋው ሴጌቶዬን አነሣሁና መንጋጋውን ቆረጥኩ። የብየዳው እሳት እንዳይለበልባቸው ጥርሶቹን በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ያዝኩ።

“ቆይ” አሉኝ አከራዬ። ተነሥተው መጡ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጨርቁን ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ብዙ ቆዩ። ተመልሰው ተቀመጡ፤ በየድኩት።

ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ። ዘንዶው የግቢው በር አጠገብ ቆመ። ልጆች ይጋልቡታል፣ የባጃጅ ሾፌሮች “ዘንዶው ጋ ወራጅ አለ?” ይላሉ። አከራዬ የታጠበ ልብስ ሲበዛባቸው ነጠላቸውን ክንፉ ላይ ያሰጣሉ።

አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ወጣት ዙሪያውን ዞሮ አየውና ራሱን ነቀነቀ። “ጥሩ ነው፤ ግን ሠሪው ጥርስ መሥራት ከብዶታል መሰለኝ” አለ።

ደሜ ፈላ። መዶሻዬን አስቀምጬ ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ደጃፋቸው ላይ ጎመን የሚቀነጥሱት አከራዬ ቀና ሳይሉ ቀደሙኝ።

“ጥርስማ አለው፤ እንደሱ ያማረ ጥርስ አይቼ አላውቅም። ጠግቦ ነው የዘጋው።”